አዲሱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በደብረ ብርሃን ዳገት ላይ፦ የመጀመሪያ የመንዳት አስተያየት

ዘጠባሴ (ደብረ ብርሃን)

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሻጩን አስቀድሞ የሚጠይቀው «በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?» ብሎ ነው። አዲሱን ብስክሌቴን በከተማችንና በዙሪያዋ ነድቼ ካየሁት በኋላ ግን ለደጋ ሰው የሚበጀው ጥያቄ «ስንት ሜትር ዳገት ያስወጣል?» የሚለው እንደሆነ ተረድቻለሁ። በመለያው ላይ የተጻፈው 80 ኪሎ ሜትር የሚሠራው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በዝቅተኛው የሞተር እርዳታ ለሚነዳ ቀላል ሰው ነው፤ ከከተማችን ከጠባሴ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር ተራራ አቅጣጫ ለሚጓዝ ሰው ያ ቁጥር ብዙም አይጠቅመውም።

ብስክሌቱ በኋላ ጎማው መሐል የተገጠመ 500 ዋት ሞተር፣ ባለ 48 ቮልትና 13 አምፔር ሰዓት የሊትየም ባትሪ፣ ሰባት ማርሽና በሽቦ የሚሳብ የዲስክ ፍሬን አለው። ከነባትሪው 26 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 48ን በ13 ስናባዛ 624 ዋት ሰዓት እናገኛለን፤ ይህ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው፣ ለመንገድ ሒሳብ የሚያገለግለውም ይህ ቁጥር ነው። ነጂው፣ ብስክሌቱና የያዘው ዕቃ በጠቅላላው 110 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ይህን ሁሉ 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 30 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በሞተሩና በሽቦው ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ከባትሪው የሚወጣው ወደ 40 ዋት ሰዓት ይጠጋል። እንግዲህ ምንም ፔዳል የማይመታ ሰው በሙሉ ባትሪ፣ የነፋሱና የመንገዱ ፍትጊያ ሳይቆጠር፣ ከ1,500 ሜትር ብዙም ያልራቀ ከፍታ ይወጣል ማለት ነው። ፔዳል የሚመታ ሰው ደግሞ የራሱን ጉልበት ይጨምርበታል።

የመንዳቱን ስሜት በተመለከተ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ዳገቱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሰባ በመቶው ብቻ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ተራ ሞተር ሳይክል በዚህ ከፍታ ላይ ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ እዚህም እቆላም ያው ነው። ስለዚህ በመደበኛ ብስክሌት ወርጄ የምገፋውን አቀበት ተቀምጬ፣ ፔዳሉን በዝግታ እየመታሁ፣ ከጎኔ ላለ ሰው መልስ እየሰጠሁ ወጣሁት። ደጋ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቀዋል፤ ላልነዳው ደግሞ በቃላት ማስረዳት ይከብደኛል።

ወደ ጫጫ የሚወስደው አስፋልት ከሞላ ጎደል ሜዳማ ስለሆነ በአምስቱ የእርዳታ ደረጃዎች መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ያሳያል። በሁለተኛው ደረጃ እግሬም ሞተሩም እኩል ይሠራሉ፤ ባትሪውም በዝግታ ይወርዳል። ከአራተኛው በላይ ሲኬድ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ከፊት ነፋስ ካለ ግን የባትሪው መቀነስ በዓይን ይታያል። የእኛን ሜዳ ነፋስ የሚያውቅ ሰው ለመልሱ ጉዞ ከባትሪው ግማሹን ማስቀረት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ያልወደድኩትም አለ። የዚህ ብስክሌት ሴንሰር የሚቆጥረው የፔዳሉን መዞር ብቻ ስለሆነ የእግሬን ግፊት አይለካም። ፔዳሉን ከረገጥኩ በኋላ ሞተሩ ግማሽ ዙር ያህል ዘግይቶ ይነሣል፤ ሲነሣም በአንድ ጊዜ ይገፋል። አስፋልት ላይ ይህ ችግር አይሆንም፤ ኮብልስቶን ላይ፣ በጋሪና በባጃጅ መካከል፣ በተለይ መታጠፊያ ላይ ግን ያሠጋል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ከመጀመሪያው ደረጃ አላልፍም። የእግርን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው ብስክሌት ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ለሚነዳ ተጨማሪው ወጪ የሚገባው ይመስለኛል።

ቁልቁለቱን በሚመለከት ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲጽፍ እፈልጋለሁ። ከጉዶ በረት አካባቢ ስመለስ የፍሬኑ ዲስክ ግሎ ሽታው ከእግሬ አጠገብ መጥቶብኛል።

የአንኮበሩ (ጎረቤላ)

ዘጠባሴ፣ ሒሳቡን በዳገት ማስቀመጥዎ ልክ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም ከአፋፉ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ «እየወረድኩ እሄዳለሁ» ብሎ የተነሣ ሰው ሲሄድም ሲመለስም ዳገት ይጠብቀዋል። የምጠይቅዎ ይህን ነው፦ ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ 26 ኪሎውን ብስክሌት በእግር ጉልበት ብቻ መንዳት ይቻላል?

ዘጠባሴ (ደብረ ብርሃን)

ሜዳ ላይ ይቻላል። ሞተሩ ኃይል ሲያጣ ጎማውን አይዝም፤ ከባድ መደበኛ ብስክሌት ከመንዳት አይለይም። ዳገት ላይ ግን ወርዶ መግፋት ግድ ነው። ለአንኮበር መንገድ ከባትሪው ገሚስ በላይ ሳልይዝ ከአፋፉ ቁልቁል አልወርድም።

መካኒክ ዘሮቢት (ሸዋ ሮቢት)

ስለ ቁልቁለቱ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ። እኔ ያለሁበት ከተማ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የ1,700 ሜትር ልዩነት ነው እንበል። በዘጠባሴ ሒሳብ ይህ ከ680 ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ባትሪው ደግሞ 624 ነው። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በሞተር ብቻ ዋሻው ድረስ መውጣት በዚህ ባትሪ አይቻልም። ጤነኛ ሰው በመጠኑ ፔዳል ሲመታ በሰዓት ከ75 እስከ 100 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይሰጣል፤ ጉዞው ሰዓታት ስለሚወስድ የጎደለውን የሚሞላው እሱ ነው። ደብረ ሲና ላይ ምሳ እየበላ ባትሪውን በመጠኑም ቢሆን የሚሞላ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀልለዋል።

ነገር ግን ከባትሪው በፊት ሞተሩ ሊቸገር እንደሚችል መታወቅ አለበት። ጎማ ውስጥ የተገጠመ ሞተር የብስክሌቱን ማርሽ አይጠቀምም፤ ማርሽ ብንቀይር የሚቀልለው ለእግራችን ብቻ ነው። አቀበቱ ጠንክሮ ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ፣ ከባትሪው ከሚመጣው ኃይል ብዙው ጎማ በማዞር ፈንታ ሙቀት ሆኖ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ብዙ ጊዜ ከናይሎን የተሠሩ ስለሆኑ ሙቀቱ ሲደጋገም ይለሰልሳሉ፤ በመጨረሻም ይላጫሉ። መፍትሔው አንድ ነው፦ ማርሹን ለእግር አቅልሎ በርትቶ ፔዳል መምታት፣ ፍጥነቱ ካልተነሣ ደግሞ ወርዶ ሞተሩን ማሳረፍ። ሞተሩ ከፔዳሉ ዘንግ ጋር መሐል ላይ የተገጠመለት ብስክሌት ጉልበቱን በካቴናውና በማርሹ በኩል ስለሚያስተላልፍ ለእንዲህ ዓይነቱ አቀበት ይሻላል። ጉዳቱ ካቴናውንና ጥርሱን ቶሎ መብላቱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ሽቅብ ለመውጣት የከፈልነው ኃይል ስንወርድ የትም አይጠፋም፤ ከፊሉን አየሩ ይወስደዋል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ብዙዎች «ሞተሩ ሲወርድ ባትሪውን ይሞላል» ብለው ይጠይቁኛል። እንደዚህ ያለው ውስጡ ጥርስ ያለበት ሞተር ወደፊት በነፃ ስለሚሽከረከር ምንም አይሞላም። ያለ ጥርስ የሚሠራው ትልቁና ከባዱ ሞተር ሊሞላ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ባትሪውን አፋፍ ላይ ሞልቶ ወዲያው ለሚወርድ ሰው ዋጋ የለውም፣ የሞላ ባትሪ ሌላ አይቀበልምና።

ስለዚህ ከጣርማ በር የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሳይለቅ እየጎተተ መውረድ የለበትም። ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ዲስኩ ነፋስ እንዲያገኝ መፍቀድ፣ ከዚያ እንደገና መያዝ ነው። የፊቱንና የኋላውን ሁለቱንም መጠቀም ያስፈልጋል። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ከመንገዱ ወጥቶ መቆም ነው፤ ውኃ አይፈስበትም፣ የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። የፍሬን ሸራው ውፍረት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ይቀየር። በሽቦ የሚሳበው ፍሬን ሸራው ባለቀ ቁጥር መጠበቅ አለበት፤ መያዣው ወደ መሪው ተጠግቶ የሚይዝ ከሆነ ያንን ቁልቁለት አትጀምሩት። በዚያ መንገድ ላይ ከኋላችሁ የሚመጣው የጭነት መኪናም የራሱን ፍሬን እያበረደ ነው።

እህተ ማርያም (ሰላ ድንጋይ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ከከተማው ወጥቼ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እመላለሳለሁ፣ የክትባት ሣጥንም እይዛለሁ። ወንድሞቼ ያነሣችሁት የዳገቱ ጉዳይ የእኔም ጉዳይ ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። ወንበሩና አግዳሚው ቱቦ ከፍ ባለ ብስክሌት ላይ በቀሚስ መውጣትና መውረድ አይመችም። የእኛ ሌሊት ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ የሚጥልበት ስለሆነ ባትሪው ምን ይሆናል? ሦስተኛው የብስክሌቱ ድምፅ አለመኖር ነው። ገበያ ቀን መንገዱ በአህያና በበግ ይሞላል፤ ጭነት የያዘች አህያ ከኋላዋ ሳትሰማው የመጣን ነገር ስታይ ትደነግጣለች፣ ባለቤቷም ይጎዳል።

ዘጠባሴ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ጥያቄዎቹ በሙሉ ከልብ የሚታሰብባቸው ናቸው። ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ድምፅ የለሽ መሆኑ እኔንም አሳስቦኛል። ደወሉን ከሩቅ መደወል ለሰው ይበቃል፣ ለከብት ግን አይበቃም። ከብት በሚነዳበት መንገድ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ፣ እረኛውን ከሩቅ ተጣርቼ ሰላም ብዬ፣ እሱ መልስ ሲሰጠኝ ነው የማልፈው። እንስሳቱ የሰው ድምፅ ስለለመዱ አይበረግጉም። የጋሪ ፈረስንም ከኋላ ተጠግቼ አላልፍም።

ስለ ቅዝቃዜው ይህን ታዝቤያለሁ፦ ባትሪው በረንዳ ላይ ያደረ እንደሆነ ጧት የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ጉልበቱ ደከም ይላል፤ ጠቋሚውም ዳገት ላይ ወረድ ብሎ ሜዳ ላይ መልሶ ይነሣል። ቤት ውስጥ ያደረ ባትሪ ይህን አያሳይም። አሁን ባትሪውን ነቅዬ አስገብቼ አሳድረዋለሁ፤ ጧት ልወጣ ስል ብቻ እገጥመዋለሁ። ሌብነትንም ይከላከላል።

ለቀሚስ የሚመች፣ አግዳሚ ቱቦው ዝቅ ብሎ የተሠራ ብስክሌት አለ። የሚሻለው እሱ ነው፤ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ዕቃ ጭኖ እግሩን አዙሮ መውጣት ለሚቸግረው ወንድም ጭምር።

ተማሪ ዘምህንድስና (ደብረ ብርሃን)

በባትሪው ጉዳይ ላይ የምጨምረው አለኝ። ቅዝቃዜ ባትሪውን ሲያደክመው ጉዳቱ ጊዜያዊ ነው፤ ሲሞቅ ጉልበቱ ይመለሳል። ዘላቂውን ጉዳት የሚያመጣው በውርጭ ሙቀት ቻርጅ ማድረግ ነው። ሊትየሙ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ግራፋይቱ (ባትሪው ሲሞላ ሊትየሙ ወደሚገባበት ካርቦን) ውስጥ በአግባቡ ሊገባ ስለማይችል ብረት ሆኖ በላዩ ላይ ይለጠፋል፤ የተለጠፈው አይመለስም፣ እየበዛ ሲሄድም ውስጥ ለውስጥ መገናኘትን (ሾርት) እና እሳትን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ እህተ ማርያም ከውርጭ የመጣን ባትሪ ወዲያው ሶኬት ላይ አይሰኩት፤ ቤት ውስጥ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁት። ምድጃ አጠገብም አይደረግ።

ሌላው ከበድ ያለ ነገር ቻርጀር ማዋዋስ ነው። «ባለ 48 ቮልት» የሚባሉት ባትሪዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በብዙ ብስክሌቶች ላይ ያለው 13 ሴሎች (ባትሪው የተሠራባቸው ትናንሽ ክፍሎች) በተከታታይ የተያያዙበት ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ሲደርስ ይሞላል፤ በድምሩ 54.6 ቮልት ነው። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ 16 ሴሎች አሉት፤ ሲሞላ 58.4 ቮልት ነው። የሁለተኛውን ቻርጀር ለመጀመሪያው የሰካ ሰው ባትሪውን ከልኩ በላይ እየሞላው ነው። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሊያቋርጠው ይገባል፤ ይሁን እንጂ ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ውስጥ በዚያ ብቻ መተማመን ተገቢ አይደለም። ሶኬቱ ቢመሳሰልም በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን የመውጫ ቮልት ማንበብ ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ቻርጀሩን እንዳይጎዳ፣ መብራት እንደጠፋ ነቅሎ ከተመለሰ በኋላ ትንሽ ቆይቶ መሰካት ጥሩ ነው። በ2 አምፔር ቻርጀር ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ሰባት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ብዙዎች ሌሊት ሰክተው ይተኛሉ፤ እኔ ግን ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ከጭድና ከልብስ በራቀ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከመውጫ በር ፊት ለፊት ባልሆነ ቦታ እንዲደረግ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚፈጀው ኃይል የሚያሳስብ አይደለም፤ ሙሉውን መሙላት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይደርስም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ ሩብ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ እንጀራ ከመጋገር ጋር እኩል ነው።

ጡረተኛው መምህር (እነዋሪ)

ልጆቼ፣ በጥሞና አንብቤያችኋለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ብስክሌት ግን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ደግ አድርጋችኋል። የእኔ አገር መሬት ግን መረሬ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይደርቃል፤ መደበኛ ብስክሌት ትከሻ ላይ ተሸክመን ነበር የምናልፈው። 26 ኪሎ ማን ይሸከማል? ደግሞስ ጎማው ሲፈነዳ፣ ሞተሩ ያለበትን የኋላ ጎማ የሚፈታ ጎሚስታ እነዋሪ ላይ ይገኛል?

መካኒክ ዘሮቢት (ሸዋ ሮቢት)

መምህር፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን። በመረሬ ላይ በክረምት አይነዳም፤ ይህን ሽፋፍኜ ልነግርዎ አልችልም። ለዚያ ወራት ከፒስታው መውጣት አያስፈልግም። ጭቃውንም በኃይለኛ የውኃ ግፊት ማጠብ አይገባም፤ ብስክሌቱ የዝናብ ጠብታ እንዲችል የተሠራ እንጂ ውኃ ውስጥ እንዲገባ የተሠራ አይደለም፤ በሞተሩ ሽቦ መግቢያ በኩል የገባ ውኃ ኩሽኔታውን ያዝገዋል። ወንዝ ሲሻገሩም ውኃው እስከ ጎማው መሐል የሚደርስ ከሆነ ተሸክሞ ማለፍ ወይም መመለስ ነው።

ጎማውን በተመለከተ ግን ጎሚስታ ፍለጋ መሄድ የለብዎትም። ካላማዳሪውን ለመጠገን ጎማውን ከብስክሌቱ መፍታት ግድ አይደለም። ብስክሌቱን አስተኝቶ፣ የጎማውን አንድ ጎን ከቸርኬው አውጥቶ፣ ካላማዳሪውን የተቀደደበት ቦታ ላይ ብቻ ስቦ አውጥቶ መለጠፍ ይቻላል። ማንኛውም የብስክሌት ጠጋኝ ይህን ያውቃል፤ እርስዎም በቤትዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ሙሉ በሙሉ መፍታት ካስፈለገ ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣውን የሽቦ መጋጠሚያ አስቀድሞ መንቀል፣ ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዙትን ቀለበቶች የገቡበትን አቅጣጫ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ነው። እነዚያ ቀለበቶች ተገልብጠው ከተገጠሙ ዘንጉ ይዞርና ሽቦውን ይበጥሰዋል።

እህተ ማርያም (ሰላ ድንጋይ)

ስለ ባትሪው የተሰጠኝን ምክር ተቀብያለሁ። የቀረኝ ጭነቱ ነው። የክትባት ሣጥኑ ከነበረዶው ከበድ ይላል፤ ከኋላ ላይ ብጭነው ብስክሌቱ ይችለዋል?

መካኒክ ዘሮቢት (ሸዋ ሮቢት)

የኋላ መጫኛው ላይ የሚችለው ክብደት ብዙ ጊዜ በብረቱ ላይ ተጽፏል፤ 25 ኪሎ የሚሉት ይበዛሉ። ሣጥኑን በጎማ ገመድ ብቻ አይሰሩት፤ ኮብልስቶን ላይ ይንሸራተታል፣ መጫኛውንም ከቡሎኑ ይፈታዋል። በጠፍር ከግራና ከቀኝ ይያዝ። የሞተሩ ክብደትና ጭነቱ ሁለቱም ከኋላ ስለሚሆኑ ከሁሉ ቀድመው የሚላሉት የኋላ ጎማውን መሐል ከቸርኬው ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። አዲስ ብስክሌት የመጀመሪያዎቹን መቶ ኪሎ ሜትሮች ከሄደ በኋላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣት መታ መታ አድርገው ያዳምጧቸው፤ ከሌሎቹ የተለየ የላላ ድምፅ ያለው ከተገኘ ለጠጋኝ ይስጡት። የመጫኛውንና የፍሬኑን ቡሎኖችም በዚያው ጊዜ ያጥብቁ። በምርጫው ላይ ከሆኑ ደግሞ ባትሪው በመጫኛው ሥር ሳይሆን በመሐሉ ቱቦ ላይ የተገጠመውን ይውሰዱ።